«አያምርም» ብለን ያልላክነው ካርድ

የአንዲት ጓደኛዬ እናት ያረፉ ጊዜ ካርድ ልጽፍላት ተቀመጥኩ። ሦስት ጊዜ ጀመርኩ፣ ሦስት ጊዜ ቀደድኩ። አንዱ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ መሰለኝ። ሌላው ከልክ በላይ አልቃሻ ሆነብኝ። ሦስተኛው ላይ ትንሽ አበባ ልሣልበት ብዬ የተገለበጠ ጃንጥላ የመሰለ ነገር ወጣ። በቃ ተውኩት። ከስልኬ ላይ ሻማ የበራበት ዝግጁ ምስል መረጥኩና «ነፍስ ይማር» ብዬ ላክኩላት። አሥር ሰከንድ አልፈጀብኝም።

ዓመት ገደማ አልፎ ቤቷ ሄድኩ። ግድግዳው ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። የጎረቤት ልጅ ነው የሣለው፤ ያኔ ሰባት ዓመቱ ነበር። አንዲት እናት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ጭንቅላታቸው ከወንበሩ ይበልጣል። አንድ እጃቸው ላይ ስድስት ጣት አለ። እግራቸው ሥር ድመት ተኝታለች። «ድመቷ ከእማዬ እግር ሥር ጠፍታ አታውቅም ነበር። ልጁ ይህን አይቷል» አለችኝ ጓደኛዬ። የእኔን ሻማ አላነሳችውም። ያን ሰሞን ስንት ሰው ሻማ እንደላከላት እግዜር ይወቀው።

ስለዚያ ስድስት ጣት ብዙ አሰብኩ። ልጁ ሠዓሊ አይደለም። የሚሥለው እንደማንኛውም የሰባት ዓመት ልጅ ነው። እኔ ደግሞ ጽሑፍ እንጀራዬ ነው። ግን እሱ አጽናናት፣ እኔ አላጽናናኋትም። ልዩነቱ ችሎታ ካልሆነ ታዲያ ምንድን ነው?

ጥያቄው ከእኔና ከጓደኛዬ ሰፋ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከስድስት ሰዎች አንዱ በብቸኝነት እንደሚቸገር ገልጿል። በዓመት ከ871,000 በላይ ሞት ከዚሁ ከብቸኝነት ጋር እንደሚያያዝም ገምቷል። ይህ እየሆነ ያለው ስልካችን በሻማ፣ በአበባና በልብ ምልክት በተጥለቀለቀበት ዘመን ነው። የመልእክት እጥረት እንኳን የለብንም።

እስቲ መጀመሪያ ለምን ካርዱን እንደቀደድኩት ልናገር። አሚት ኩማርና ኒኮላስ ኤፕሊ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2018 ያሳተሙት ጥናት አለ። ሰዎች ሕይወታቸውን ለነካ ሰው የምስጋና ደብዳቤ እንዲጽፉ አደረጉ። ከዚያ ጸሐፊዎቹን «ተቀባዩ ምን የሚሰማው ይመስላችኋል?» ብለው ጠየቁ። ተቀባዮቹንም እውነቱን ጠየቁ። ሁለቱ መልሶች አልገጠሙም። ጸሐፊዎቹ ተቀባዩ የሚሰማውን ደስታ አሳንሰው ገመቱ። «ያፍራል፣ ይጨንቀዋል» ያሉትን ደግሞ አጋነኑት።

የተሳሳቱበት ምክንያት ነው ይበልጥ የሚገርመኝ። የሚጽፈው ሰው የሚጨነቀው ስለ ቃላቱ ነው። አማረ? ሰመረ? ተሳሳትኩ? የሚቀበለው ሰው ግን ቃላቱን ብዙም አያርምም። ሙቀቱን ነው የሚያየው። እኔ ካርዱን እንደ አራሚ አስተማሪ ነበር የማነበው። ጓደኛዬ ደግሞ አስተማሪ አልፈለገችም።

ስለዚህ ብዙ ደግነት መንገድ ላይ የሚቀረው ሰው ክፉ ስለሆነ አይመስለኝም። «አያምርም» ብሎ ስለሚያፍር ነው። «ተሰጥኦ የለኝም» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ትሕትና ትመስላለች፤ ለእኔ ግን ብዙ ጊዜ ጥሩ መሸሸጊያ ሆናኛለች።

እዚህ ላይ ፈጠራ ስል ትልቁን ጥበብ ማለቴ አይደለም። ዳንቴል መሥራት፣ ጥልፍ፣ ደብተር ጥግ ላይ መሞነጫጨር፣ ለራስ ማንጎራጎር፣ ለልጅ ተረት መፍጠር፣ የተቀደደ ልብስ ሲጠግኑ ጥገናውን ማሳመር፣ ሁለት መስመር ግጥም ጽፎ ኪስ ውስጥ መክተት። ማንም የማይሸልመው፣ ማንም ትኬት የማይቆርጥለት ዓይነት።

ይህ ነገር ሠሪውን ራሱን እንደሚያረጋጋ በእጁ የያዘ ሁሉ ያውቃል። ተመራማሪዎችም ሊለኩት ሞክረዋል። ጊሪጃ ካይማልና ባልደረቦቿ በ2016 ባሳተሙት ጥናት 39 አዋቂዎች ለ45 ደቂቃ በቀለም፣ በሸክላ አፈርና በቁርጥራጭ ወረቀት እንደፈለጉ ሠሩ። ከመጀመራቸው በፊትና ሲጨርሱ ምራቃቸው ውስጥ ያለው ኮርቲዞል፣ ማለትም ከጭንቀት ጋር የሚያያዘው ሆርሞን፣ ተለካ። ከየአራቱ ሰው ሦስቱ ላይ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። ልምድ ያለውና የሌለው ሰው ልዩነት አልነበራቸውም። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ዝም ብሎ አርፎ የተቀመጠ የማነጻጸሪያ ቡድንም አልነበረውም። ስለዚህ «ሥዕል ጭንቀትን በ45 ደቂቃ ያድናል» ብሎ መለጠፍ ማጋነን ነው። ልምድ ለውጥ አለማምጣቱን ግን ልብ በሉልኝ።

ከዚህ ይበልጥ የሚያሳምነኝ ሌላ ጥናት ነው። ታምሊን ኮነርና ሁለት ባልደረቦቿ 658 ወጣቶች ለ13 ቀናት የዕለት ማስታወሻ እንዲሞሉ አደረጉ። ዛሬ ምን ያህል ፈጠራ ነገር ሠራህ? ስሜትህስ እንዴት ነው? ከወትሮው ይበልጥ ፈጠራ ላይ ካሳለፉት ቀን ማግስት ጉልበታቸውና መነቃቃታቸው ጨምሮ ተገኘ። የተገላቢጦሹ ግን አልታየም። ዛሬ ደስ ማለት ነገ ይበልጥ ለመፍጠር ሲያነሳሳ አልተገኘም።

ይቺን ነገር ቆም ብዬ ላያት እፈልጋለሁ። ምክንያቱም ሁላችንም በተቃራኒው ነው የምንኖረው። «ትንሽ ልረጋጋና እጀምራለሁ።» «ሙዱ ሲመጣ።» ሙዱ ግን ራሱን ችሎ አይመጣም። መርፌው ቀድሞ ሲነሳ ሙዱ በማግስቱ ይከተላል።

እንዴት ነው የሚሠራው? የእኔ ግምት ከጣት ይጀምራል። የሚያሳዝን ነገር የደረሰበት ሰው ሐሳቡ የሚመላለሰው በቃል ብቻ አይደለም፤ በምስልም ነው። ያ ክፍል፣ ያ ፊት፣ ያ ስልክ የተደወለበት ሰዓት። ጣትና ዓይን አንድ ቅርጽ ላይ ሲጠመዱ ለዚያ ምስል የሚተርፈው ቦታ ይጠባል። በ2006 የታተመ አንድ ሙከራ ይህን በቀጥታ ፈትሾታል። ሰዎች የሚሰቀጥጥ ፊልም እያዩ በእጃቸው ፕላስቲሲን የሚባል እንደ ጭቃ የሚለነቀጥ ነገር እየጠፈጠፉ ትንንሽ ቅርጾች ሠሩ። ፊልሙን እጃቸውን አጣጥፈው ካዩት ይልቅ በኋላ ድንገት ብቅ የሚሉባቸው ክፉ ምስሎች ያነሱ ነበሩ። ሹራብ ሠሪዎች ይህን ያለ ላቦራቶሪ ነው የሚያውቁት። በ31 አገሮች የሚኖሩ 3,545 ሹራብ ሠሪዎች መልስ የሰጡበት የ2013 ጥናት፣ ደጋግመው የሚሠሩት ሰዎች ይበልጥ መረጋጋትና ደስታ እንደሚሰማቸው አሳይቷል። እርግጥ ሹራብ የሰለቸው ሰው ስለ ሹራብ መጠይቅ አይሞላም፤ ይህን ሳንረሳ ነው።

መጽናናት ግን ሁልጊዜ ደስ አይልም። ጄምስ ፔንቤከርና ሳንድራ ቢል በ1986 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎች ለተከታታይ አራት ቀናት በቀን 15 ደቂቃ ስለደረሰባቸው ከባድ ነገር ጻፉ። የሆነውንም የተሰማቸውንም የጻፉት ተማሪዎች እንደጨረሱ ይበልጥ አዘኑ። በቀጣዮቹ ወራት ግን ወደ ጤና ጣቢያ የሄዱበት ጊዜ ከሌሎቹ ያነሰ ነበር። ስለዚህ ደብተራችሁ ላይ ጽፋችሁ ዓይናችሁ እንባ ካቀረረ ነገሩ አልሠራም ማለት አይደለም። በሌላ በኩል ቀን በቀን እየባሰበት፣ እንቅልፍም ምግብም እምቢ ያለው ሰው ዳንቴል ያዝ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ባለሙያ ያስፈልገዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ከ3,000 በላይ ጥናቶችን ያካተተ ግምገማ አውጥቶ ኪነ ጥበብ ለጤና ያለውን ሚና ዘርዝሯል። እሱም ቢሆን ሐኪም ይቅር አላለም።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ሠሪው ነው። የአንዱ እጅ ሥራ ወደ ሌላው የሚሻገርበትን መንገድ ሳስብ አድሪያን ሂል የተባለ እንግሊዛዊ ሠዓሊ ትዝ ይለኛል። በ1938 በሳንባ ነቀርሳ ታሞ ሳናቶሪየም፣ ማለትም የሳንባ ሕሙማን ማገገሚያ፣ ገባ። የዚያን ጊዜ ሕክምና በአብዛኛው መተኛት ነበር። ለወራት ጋደም ብሎ ጣሪያ ማየት። ሂል አልጋው አጠገብ ያለውን ነገር እየሣለ ቀኑን ገፋ። ሲሻለው ለሌሎቹ በሽተኞች እንዲያስተምር ተጠየቀ። ሥለው የማያውቁ ሰዎች ነበሩ፤ ኋላም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ቁስለኞች መጡ። ዛሬ «የሥነ ጥበብ ሕክምና» የምንለውን ስያሜ በ1942 ያወጣው እሱ ነው። ለእኔ ትልቁ ነገር ስያሜው አይደለም። አልጋ ላይ ሆኖ ጊዜ እንዴት እንደሚረዝም የሚያውቅ ሰው፣ ጊዜ ለረዘመበት ሌላ ሰው እርሳስ ማቀበሉ ነው።

ሁለተኛው ትዝታ የጨርቅ ነው። በ1980ዎቹ ኤድስ አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሰው ሲገድል በሽታው ነውር ነበር። አስከሬን አንቀበልም የሚሉ የቀብር ድርጅቶች ነበሩ። ስማቸውን የሚጠራላቸው ያጡ ነበሩ። ክሊቭ ጆንስ የተባለ ሰው የጀመረው ሐሳብ ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ሟች አንድ ጨርቅ ይሰፋ። ልኩ ወደ 90 በ180 ሴንቲሜትር ይሆናል፤ ሰው የሚያስተኛ የመቃብር ልክ ነው። በ1987 ዋሽንግተን ላይ መጀመሪያ ሲዘረጋ 1,920 ጨርቆች ነበሩ። ዛሬ ወደ 50,000 ደርሰዋል፤ ክብደቱ 54 ቶን ነው። ከሰፊዎቹ መካከል ከዚያ በፊት መርፌ ይዘው የማያውቁ ነበሩ። የሟቹ ጂንስ፣ የአሻንጉሊት ድቡ፣ የሚወደው ሸሚዝ ቁራጭ ተሰፍቶበታል። እናት ለልጇ ሰፍታለች፤ ጨርሶ የማያውቁት ሰዎችም ሰፍተዋል። ስፌቱ ሰፊውን ያጽናና፣ ሟቹን ያክብር፣ ተመልካቹን ይቀስቅስ፤ የቱ ቀድሞ እንደሆነ መለየት ይከብዳል።

እዚህ ጋ ደርሼ «እጅ ሥራ ሁሉ ደግነት ነው» ብል ደስ ይለኝ ነበር። አይደለም። አውስትራሊያ ውስጥ ፊሊፕ ደሴት የሚባል ቦታ አለ። ትንንሽ ፔንግዊኖች ይኖሩበታል። የፈሰሰ ነዳጅ ላባቸውን ሲበክለው በምንቃራቸው ያጸዱታል፤ ያን ሲያደርጉ መርዙን ይውጡታል። ስለዚህ እስኪታጠቡ ድረስ ትንሽ ሹራብ ያለብሷቸዋል። ወሬው ዓለምን ሲያዳርስ ሹራብ ሠሪው ሁሉ ተነሳ። ከሚያስፈልገው እጅግ የበለጠ ሹራብ ጎረፈ። ትርፉን ለአሻንጉሊት ፔንግዊኖች እያለበሱ መሸጥ ግድ ሆነ። ያ እንኳን ቀልድ አለው። በ2012 ኒውታውን በምትባል የአሜሪካ ከተማ ትምህርት ቤት ውስጥ 20 ሕፃናትና 6 አዋቂዎች ሲገደሉ የሆነው ግን አያስቅም። ከተማዋ ከ60,000 በላይ የአሻንጉሊት ድቦች ተላኩላት። ሐዘን ላይ ያለ ሰው መጋዘን ይፈልግ ጀመር። በመጨረሻ «እባካችሁ አትላኩ» ተባለ።

ላኪዎቹን መውቀስ አልችልም። ዜናውን ሰምተው መቀመጥ አቅቷቸዋል፤ አንድ ነገር ማድረግ አለባቸው። ድቡ ያጽናናው ግን በዋናነት እነሱን ይመስለኛል። ነገሩን የሚያብራራ አንድ ሙከራም አለ። ማይክል ኖርተንና ባልደረቦቹ በ2012 ባሳተሙት ጥናት ወረቀት አጣጥፈው ቅርጽ የሠሩ ጀማሪዎች ለሥራቸው ከባለሙያ ሥራ ጋር የሚቀራረብ ዋጋ ሰጡት። ሌሎች ሰዎችም እንደዚያው የሚያዩላቸው መስሏቸው ነበር። ሌሎቹ ግን የተጨማደደ ወረቀት ነው ያዩት።

ቆይ፣ ይሄ ከፍ ብዬ ካልኩት ጋር አይጣረስም? አንዴ የራሳችንን ሥራ አሳንሰን እንቀድደዋለን፣ አንዴ ደግሞ አጋንነን እንጭናለን። ሁለቱም እውነት ነው፤ ሥር መሠረታቸው ግን አንድ ይመስለኛል። ሁለቱም ጊዜ ዓይናችን ያለው ዕቃው ላይ ነው። ያምራል ወይስ አያምርም? ሠሪውን የሚያጽናናው መሥራቱ ነው። ተቀባዩን የሚያጽናናው ግን መታየቱ ነው። የሰባት ዓመቱ ልጅ ጣት መቁጠር አልቻለም፤ ድመቷን ግን አይቷል። ለማናውቀው ሰው ስንልክ ድመት የለንም፤ ስለዚህ መጠየቅ አለብን። ምን ጎደለ? ስንት ይበቃል? ልኩ ምን ያህል ነው? ፊሊፕ ደሴት ላይ መጀመሪያ የሠራው ነገር ይኸው ነበር፤ የሹራቡ ልክና ንድፍ የታወቀ ነው።

አሁን ደግሞ አዲስ ነገር መጥቷል። ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ቻትጂፒቲና መሰሎቹ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች የሐዘን ደብዳቤውንም፣ ግጥሙንም፣ ጣቱ በትክክል አምስት የሆነውን ሥዕልም በሰከንድ ያወጣሉ። (መጀመሪያ ሰሞን ጣት መቁጠር እነሱንም ያቅታቸው ነበር፤ ከልጁ ጋር የሚያመሳስላቸው ያ ብቻ ነው።) በ2023 መጀመሪያ አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ቢሮ፣ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በተኩስ ስለተገደሉ ተማሪዎች ለራሱ ተማሪዎች የሐዘን ኢሜይል ላከ። ስለ መተሳሰብ፣ ስለ አብሮነት የሚል ሸጋ ጽሑፍ ነበር። ግርጌው ላይ ከቻትጂፒቲ የተወሰደ መሆኑ ተጽፏል። ተማሪዎቹ ተቆጡ፣ ቢሮው ይቅርታ ጠየቀ። በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ ሰሞን ደግሞ ጉግል አንድ ማስታወቂያ ነበረው። አባት ልጁ ለምታደንቃት ሯጭ የምትልከውን ደብዳቤ ጄሚናይ በተባለው የኩባንያው መሣሪያ ሲያስጽፍ ያሳያል። ተመልካቹ አልወደደውም። ኩባንያው አነሳው።

ቃላቱ ላይ ማንም ስህተት አላገኘም። ሰው የተቆጣው ተቀምጦ የጻፈው ሰው ስለሌለ ነው። ክሪስቶፍ ፉክስና ሁለት ባልደረቦቹ በ2015 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች በእጅ የተሠራ ነገርን ለሚወዱት ሰው ስጦታ ሲሆን ይበልጥ እንደሚመርጡት አሳይተዋል። ዕቃው ውስጥ ፍቅር ያለበት ይመስላቸዋል። መምሰሉ ብቻ ይሁን ወይስ እውነት፣ ክርክሩን ለፈላስፋ እተወዋለሁ። አንድ ነገር ግን ይታየኛል። ማሽኑ ውብ ነገርን ርካሽ ካደረገው በኋላ፣ ጠማማ መስመር «እኔ ራሴ ተቀምጬ ነው» የሚል ፊርማ ሆኗል። ቃል ጨርሶ እምቢ ያለው ሰው በመሣሪያው ቢታገዝ አልፈርድበትም። ድመቷን ግን ማሽኑ አያውቃትም። እሷን የግድ እኛ መጨመር አለብን።

ሌላው ሌባ ካሜራው ነው። ዛሬ ጥልፍ የጀመረ ሰው በሦስተኛው ቀን ፖስት ያደርጋል፣ በሳምንቱ ላይክ ይቆጥራል፣ በወሩ «ለምን ቢዝነስ አታደርገውም?» ይባላል። መሸጥ ነውር አይደለም፤ ብዙ ሰው በእጅ ሥራው ቤቱን ያስተዳድራል። ነገር ግን ሥራው ያጽናናን የነበረው ውጤት የማይሰጥበት ስለሆነ ነበር። ውጤቱ ሲመጣ አራሚው አስተማሪም ተከትሎ ይመጣል። ስለዚህ ሌላው ሁሉ ቢሸጥም አንዲት ሥራ ለማንም ሳትታይ ብትቀር ደስ ይለኛል። የእኔ አንድ ደብተር ነው። ውስጡ ያለው ቢወጣ አፍራለሁ፤ ጥቅሙም እሱ ነው።

ስለ አጀማመሩ ብዙ የምለው የለኝም። ቁሳቁስ መግዛት ሥራ መጀመር አይደለም፤ ይህን ሦስት ያልተነኩ የቀለም ሳጥኖቼ ይመሰክራሉ። አጭር ጊዜ፣ እጅ ላይ ያለ ነገር፣ አሥር ደቂቃ ይበቃል። ለሰው ከሆነ ደግሞ ከመጻፋችን በፊት ስለዚያ ሰው ማንም ሌላ የማይጽፈውን አንድ ነገር መፈለግ ነው። የሚስቅበት መንገድ፣ በር ላይ ሲደርስ የሚላት ቃል፣ አሮጌ ኮቱ። ከዚያ የእጅ ጽሑፉ ቢጠምም ይጠመም።

እኔ ካርዱን ባለፈው ወር ላክኩት። ከሁለት ዓመት በላይ ዘግይቷል። እናቷ አንድ ቀን በር ላይ ይዘውኝ ስለ ድመቷ አመል ያጫወቱኝን በአራት መስመር ጻፍኩ። ከሥሩ ድመቷን ሣልኳት። ጆሮዎቿ እምቢ አሉኝ፤ አንዴ ላጥፋው ብዬ ይብስ አቆሸሽኩት። እንደዚያው አሽጌ ሰደድኩት።

ጓደኛዬ ካርዱ በደረሳት ቀን ደወለች። የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ይቺ ፍየል ናት?» የሚል ነበር። ድመት መሆኗን ስነግራት እስክትታፈን ሳቀች። ከዚያ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ስለ እናቷና ስለ ድመቷ ማውራት ጀመረች፤ ስልኬ ባትሪው እስኪያልቅ አላቆመችም።